ለዶሮ የእስያ መዘፍዘፊያ ስንመርጥ፦ ሶይ ሶስ፣ ጎቹጃንግ፣ ጠጅ ሳር ወይስ እርጎ?

ዶሮን በእስያ አሠራር ዘፍዝፎ ለመጥበስ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከጣዕሙ ነው፤ ጣፈጥ ይበል፣ ያቃጥል ወይስ ኮምጠጥ ይበል? ከዚያ በፊት ግን ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። ምን ያህል ሰዓት አላችሁ? የያዛችሁት የዶሮ ክፍል የትኛው ነው? የምትጠብሱትስ በምን እሳት ነው? ማር የበዛበት መዘፍዘፊያ ኃይለኛ ከሰል ላይ ሲወጣ ውስጡ ሳይበስል ላዩ ይከስላል። ሎሚ የበዛበት ደግሞ በስስ የተቆረጠ ደረት ላይ ካደረ ስጋውን ያደርቀዋል። ሁለቱም ላይ ጥፋቱ የቅመሙ ሳይሆን የምርጫው ነው።

ለቸኮለ ሰው መልሱ ይህ ነው። ግማሽ ሰዓት ብቻ ካላችሁና ደረት ከሆነ፣ በስስ ቆርጣችሁ በሶይ ሶስና በስታርች አዘጋጁት። ከሁለት እስከ ስምንት ሰዓት ካላችሁና ኦቭን ከተጠቀማችሁ፣ የሶይ ሶስና የዝንጅብሉን ያዙ። ሚጥሚጣ የለመደ ምላስ ላላቸውና መጥበሻ ላይ ለሚሠሩ ጎቹጃንግ (የኮሪያ የበርበሬ ድልህ) ይሻላል። ለከሰል ስኳሩ አነስተኛ የሆነው የጠጅ ሳሩ ይበልጣል። ማታ አዘጋጅታችሁ በማግስቱ አጥንት ያለበት ታፋ የምትጠብሱ ከሆነ ደግሞ እርጎውን የሚተካከል የለም።

ጨው እንጂ ቅመም ወደ ውስጥ አይገባም

ዶሮ ዘፍዝፈን ስናሳድር ዝንጅብሉና ነጭ ሽንኩርቱ እስከ አጥንት ይዘልቃል ብለን እናስባለን። አይዘልቅም። ጊዜ ሲያገኝ ወደ ስጋው ጠልቆ የሚገባው በዋነኛነት ጨው ነው። የቅመሙ መዓዛ፣ ዘይቱና ቀለሙ ከላይ ባሉት ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ይቀራሉ። ጨው ውስጡን ያጣፍጣል፣ ስጋውም ሲበስል ውሃውን እንዲይዝ ያደርጋል። ስለዚህ የማንኛውም መዘፍዘፊያ የመጀመሪያ ሒሳብ የጨው ሒሳብ ነው።

ለ1 ኪሎ ዶሮ ከ10 እስከ 12 ግራም ጨው ይበቃል። አንድ የሾርባ ማንኪያ መደበኛ ሶይ ሶስ 2.5 ግራም ያህል ጨው አለው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የዓሣ ሶስ ከ3.5 እስከ 4 ግራም ይደርሳል። ስለዚህ አራት ማንኪያ ሶይ ሶስ ወይም ሦስት ማንኪያ የዓሣ ሶስ ለአንድ ኪሎ ሙሉ ጨው ነው። በዚህ ላይ «ትንሽ ጨው ነስንሱበት» የሚል የምግብ አሠራር ካያችሁ አትከተሉት። ዶሮው ጨው በዛበት ከሚባልባቸው ምክንያቶች ትልቁ ይህ ድርብ ጨው ነው።

የዶሮው ዓይነትም ሒሳቡን ይለውጠዋል። አሜሪካ ውስጥ ታሽጎ የሚሸጥ ዶሮ አንዳንዱ ጨዋማ ውሃ የተወጋ ነው፤ ማሸጊያው ላይ ከነመቶኛው ይጻፋል። እስራኤል ውስጥ ደግሞ በኮሸር (በአይሁድ የምግብ ሕግ) ሥርዓት የተዘጋጀ ዶሮ ደሙ እንዲወጣ አስቀድሞ በጨው የታሸ ነው። በሁለቱም ጊዜ ከታች ካለው የሶይ ሶስ ወይም የዓሣ ሶስ መጠን ሩቡን ቀንሱ።

ሶይ ሶስ፣ ዝንጅብልና ማር

አንድ መዘፍዘፊያ ብቻ መልመድ ለሚፈልግ የምንመክረው ይህን ነው። ዕቃው በቀላሉ ይገኛል፣ ልጆችም ይወዱታል፣ ስህተትም ከሌሎቹ ይልቅ ይታገሣል።

አጥንት ለሌለው 1 ኪሎ ታፋ፦ 4 የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ማር ወይም ቡናማ ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ (የሩዝ ወይም የአፕል ከሆነ ይመረጣል)፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተቆላ ሰሊጥ ዘይት፣ 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል (20 ግራም ገደማ)፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ።

ዝንጅብሉና ነጭ ሽንኩርቱ በመፈቅፈቂያ ይፈቅፈቁ እንጂ በቢላ አይከተፉ። የተከተፈው ስጋው ላይ ተጣብቆ ያርርና ይመርራል። ሁሉንም ከቀላቀላችሁ በኋላ ጥሬው ዶሮ ሳይነካው ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ቀድታችሁ ለብቻ አስቀምጡ፤ መጨረሻ ላይ የሚቀባው እሱ ነው። ዶሮውን በወረቀት ፎጣ አድርቁ። እርጥብ ዶሮ መዘፍዘፊያውን ያቀጥነዋል፣ ሲጠበስም ከመቅላት ይልቅ ይቀቀላል። ከዚያ ዚፕ ባለው ላስቲክ ውስጥ ከተታችሁ አየሩን ጨምቃችሁ አስወጡና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ላስቲክ ከሌለ የመስታወት ወይም የማይዝግ ብረት ጎድጓዳ ሳህን ይሆናል። አሉሚኒየም ግን ከአቼቶና ከሎሚ ጋር ስለሚዋሃድ የብረት ጣዕም ይሰጣል።

በስስ የተቆረጠ ደረት 30 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ሙሉ ደረት 2 ሰዓት፣ አጥንት የሌለው ታፋ ከ2 እስከ 8 ሰዓት። አጥንት ያለው ታፋና ክንፍ ሊያድር ይችላል። 24 ሰዓት ሲያልፍ ግን ጨው ስጋውን እያጠበቀው ይሄዳል፤ ሲታኘክም ዶሮነቱ ቀርቶ በጨው የታሸገ ስጋ ይመስላል።

ሲጠበስ፣ ኦቭኑን 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቁ። ዶሮውን ከመዘፍዘፊያው አንሥታችሁ አንጠፍጥፉትና ትሪ ላይ በተቀመጠ ፍርግርግ ላይ ደርድሩት። አጥንት የሌለው ታፋ 25 ደቂቃ ገደማ፣ አጥንት ያለው 40 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ለብቻ ያስቀመጣችሁትን የቀቡት እንደሆነ በመጨረሻዎቹ 8 ደቂቃዎች ይሁን። ከዚያ በፊት ከተቀባ ማሩ ያርራል፤ ማር ከተራ ስኳር ባነሰ ሙቀት መጥቆር ይጀምራልና። ከሰል ላይ የምትሠሩ ከሆነ ማሩን ከመዘፍዘፊያው ሙሉ በሙሉ አውጡትና መጨረሻ ላይ ብቻ ቀቡት።

ሶይ ሶስ ስትገዙ የዕቃውን ዝርዝር አንብቡ። ውሃ፣ አኩሪ አተር፣ ስንዴና ጨው የሚል ከሆነ ፈልቶ፣ ማለትም በጊዜ ተብላልቶ፣ የተሠራ ነው፤ ይህ ነው የሚፈለገው። ካራሜል ቀለምና በአሲድ የተፈታ የአትክልት ፕሮቲን የሚል ከሆነ ጨዋማነት እንጂ ጥልቀት የለውም፤ ለሰላጣ ያልፋል፣ ለመዘፍዘፊያ ግን ልዩነቱ አፍ ላይ ይታወቃል። የቻይና «ላይት» ሶይ ሶስ ጨው የቀነሰ መስሎ ይሸጣል፤ ቀለሙ ይቅለል እንጂ ጨውነቱ ከጥቁሩ ይብሳል። ጥቁሩ ለቀለም ነው፤ 1 የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ስንዴ የማይስማማው ሰው ታማሪ የሚባለውን ይፈልግ፤ አብዛኛው ያለ ስንዴ የሚሠራ ስለሆነ ማሸጊያውን አንብቦ ይግዛ።

የሰሊጥ ዘይቱም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ነው። ሰሊጥ አገራችን በብዛት ታመርታለች፤ ካልተቆላ ሰሊጥ የተጨመቀው ፈዛዛ ዘይት ግን የእስያውን መዓዛ አይሰጥም። ጠቆር ያለው የተቆላው ካልተገኘ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥ በደረቅ መጥበሻ ወርቅማ እስኪሆን ቆልታችሁ በሙቀጫ ውቀጡና ጨምሩት። ከዘይቱ እጅግ የማይተናነስ መዓዛ ይሰጣል።

ብዙ የጃፓንና የቻይና አሠራሮች ሚሪን (ጣፋጭ የሩዝ ወይን)፣ ሳኬ (የጃፓን የሩዝ መጠጥ) ወይም የሻኦሺንግ የሩዝ ወይን ይጠይቃሉ። ሦስቱም አልኮል አላቸው። አልኮል የማይገባበት ቤት፣ እንዲሁም የባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ፈልገው ላላገኙት፣ ለአንድ የሾርባ ማንኪያ ሚሪን ያንኑ ያህል ውሃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ጥቂት ጠብታ አቼቶ ይተካል። ኦይስተር ሶስም የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ ጭማቂ ስላለበት በሃይማኖቱ ለማይበላ አይሆንም፤ ከእንጉዳይ የተሠራው ዓይነት አለ፣ ያለዚያም ሶይ ሶስ ከቁንጥር ስኳር ጋር ቦታውን ይይዛል።

ግማሽ ሰዓት ብቻ ሲኖር፦ ሶይ ሶስና ስታርች

ይህ የቻይና መጥበሻ ዘዴ ደረትን ከድርቀት ያድናል። 500 ግራም ደረት በስጋው ክር አቋራጭ 5 ሚሊ ሜትር በሚያህል ውፍረት ይቆረጣል። ፍሪዘር ውስጥ 20 ደቂቃ ካቆያችሁት ለቢላ ይመቻል። 1 የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ውሃና 1 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ጨምራችሁ ፈሳሹ ስጋው ውስጥ እስኪሰርግ በእጅ እሹት። መጨረሻ ላይ 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ፤ ቁርጥራጮቹ መጥበሻ ላይ እንዳይጣበቁ ነው። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆይ። ስታርቹ ሲሞቅ ስስ ሽፋን ሠርቶ የስጋውን ውሃ ይይዛል።

ስታርች ማለት ነጭ፣ እንደ ዱቄት የላመ፣ በጣት ሲጨመቅ የሚንቋቋው ነው። ቢጫው የበቆሎ ዱቄት አይሆንም፤ ይሻክራል። መጥበሻው በጣም የጋለ ይሁን፣ ስጋው በሁለት ዙር ይግባ። አንዴ ከተጨመረ መጥበሻው ይቀዘቅዝና ሁሉም በራሱ ውሃ ይቀቀላል።

አንዳንዶች ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምረው 15 ደቂቃ ካቆዩ በኋላ ያጥቡታል። ስጋውን በእርግጥ ያለሰልሰዋል። መጠኑ ካለፈ ወይም በደንብ ካልታጠበ ግን ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ደረቱ በስስ ከተቆረጠ ደግሞ አስፈላጊ አይደለም።

ጎቹጃንግ

ከቀይ በርበሬ፣ ከሩዝ፣ ከተብላላ አኩሪ አተርና ከጨው የሚሠራ የኮሪያ ድልህ ነው፤ ያቃጥላል፣ ይጣፍጣል፣ የመፍላት ጥልቀትም አለው። ለ1 ኪሎ ታፋ 3 የሾርባ ማንኪያ ጎቹጃንግ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተቆላ ሰሊጥ ዘይት፣ 6 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ዝንጅብልና ግማሽ የተፈቀፈቀ ቀይ ሽንኩርት። ከ1 እስከ 8 ሰዓት ይቆያል።

ድልሁ ራሱ ጣፋጭ ስለሆነ ማር ከተጨመረበት ማረሩ አይቀርም። መካከለኛ እሳት ላይ፣ ሰፊ መጥበሻ፣ ቶሎ ቶሎ እየገለበጡ፣ ሲደርቅ ሁለት ማንኪያ ውሃ ጠብ እያደረጉ፤ አሠራሩ ይህ ነው። ጥቅል ጎመንና ስኳር ድንች ከጨመሩበት የቹንቾን ከተማን ታዋቂ የዶሮ ምግብ ዳክጋልቢን ይመስላል።

በበርበሬያችን ይተካል ወይ? አይተካም። በርበሬ ውስጥ ኮረሪማ፣ አብሽ፣ ነጭ አዝሙድና ሌላም አለ፤ የሚወጣው ጥሩ ምግብ ሊሆን ይችላል፣ የኮሪያው ግን አይደለም። የሚቀርበው ቅመም ያልገባበት ዛላ በርበሬ ነው። ፍሬው ወጥቶ ሻከር ተደርጎ ይወቀጥና 2 የሾርባ ማንኪያው ከ4 የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስና ከ2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጋር ይለወሳል። የመፍላት ጣዕሙ ይጎድላል፣ ቀለሙና ማቃጠሉ ግን ቦታው ላይ ነው።

ኮሪያውያን ስጋ ለማለስለስ የእስያ ፒር ወይም ኪዊ ይፈቀፍቃሉ። ኪዊ፣ ጥሬ አናናስና ፓፓያ ፕሮቲን የሚፈታ ኢንዛይም አላቸው፤ ዶሮ ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆዩ ላዩን ለጥ ያለ ሊጥ ያደርጉታል። ዶሮ እንደ በሬ ስጋ ጠንካራ ስላልሆነ እኛ ብንተዋቸው እንመርጣለን። የቆርቆሮ አናናስ ኢንዛይሙ በሙቀት ስለሞተ ጉዳት የለውም፣ ማለስለስ ግን አይችልም።

ጠጅ ሳርና የዓሣ ሶስ

የሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ የኢሳን አካባቢ፣ የከሰል ዶሮ ከዚህ ይነሣል። ለ1 ኪሎ ዶሮ 3 የሾርባ ማንኪያ የዓሣ ሶስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 3 አገዳ ጠጅ ሳር፣ 6 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ እፍኝ የድምብላል ግንድና ሥር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ (ነጩ ቢሆን ይመረጣል)፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ደረቁ ቅመም መጀመሪያ፣ ከዚያ እርጥቡ በሙቀጫ ይወቀጣል። ሙቀጫ መዓዛውን ከማሽን በተሻለ ያወጣል።

ገበያ ላይ ለሻይ የሚሸጠው የጠጅ ሳር ቅጠል ለዚህ አይሆንም፤ ክሩ አይላምም፣ ጥርስ ውስጥ ይገባል። የሚያስፈልገው ከሥሩ በላይ ያለው ነጣ ያለ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የውጩ ሁለት ልጣጭ ተነሥቶ በስስ ይከተፋል። ግቢያቸው ውስጥ ለተከሉት ከሥሩ መንቀል ብቻ ነው። ቅጠሉን ጠቅልላችሁ ከሰሉ ላይ ብትጥሉት ጭሱ መዓዛ ይሰጣል።

የዓሣ ሶስ ጥሬውን ሲሸተት ብዙ ሰው ይሸሸዋል። እሳት ሲነካው የዓሣው ሽታ ይጠፋና ስጋ ስጋ የሚል ጥልቀት ይቀራል። ከ4 እስከ 12 ሰዓት ይዘፈዘፍ፤ አሲድ ስለሌለበት ማደር አይጎዳውም። ሎሚው የሚጨመቀው ከተጠበሰ በኋላ ነው። ከሰሉ ነበልባሉ ጠፍቶ አመድ ሲለብስ ዶሮውን ቆዳው ወደ ላይ ሆኖ አስቀምጡት፤ ቀስ ብሎ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል።

እርጎ

የህንድና የፓኪስታኑ ታንዱሪ አሠራር በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ 1 ኪሎ ቆዳው የተገፈፈ አጥንት ያለው ታፋ እስከ አጥንቱ በቢላ ይተለተላል። 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና 2 የሻይ ማንኪያ ለስለስ ያለ ቀይ በርበሬ ይቀባና 30 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ 200 ግራም ውሃው የተጠለለ እርጎ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዝንጅብል፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ነጭ ሽንኩርት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ 2 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ድምብላል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጋራም ማሳላ (የህንድ የቅመም ድብልቅ)፣ 1 የሻይ ማንኪያ እርድና 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጨመርበታል። ከ6 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ኦቭኑ 230 ዲግሪ፣ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ።

የእርጎ አሲድ ከሎሚ በጣም ደካማ ነው፤ ለዚህ ነው ማደር የሚችለው። ሎሚ ብቻውን ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ የስጋው ላይ ነጭቶ ኖራ ኖራ ይላል። እርጎው ካልተጠለለ ትሪው ላይ ውሃ ይጥልና ዶሮው ሳይቀላ ይቀራል፤ በነጠላ ጨርቅ ሁለት ሰዓት ማንጠልጠል ይበቃል። ስጋና ወተት በማይቀላቀልበት የኮሸር ቤት ይህ ምርጫ አይሆንም፤ ወፍራም የኮኮናት ወተት ከአንድ ማንኪያ ተጨማሪ ሎሚ ጋር በቦታው ይገባል፣ ማቆያው ግን ወደ 4 ሰዓት ይውረድ።

የሀበሻ ዶሮ ከሆነ

ከላይ ያሉት ሁሉ የተሰሉት ለፈረንጅ ዶሮ ነው። ስትሮጥ ያደገች፣ ዕድሜዋ የገፋ የሀበሻ ዶሮ የትኛውም መዘፍዘፊያ አያለሰልሳትም፤ የምትላላው በእርጥብ ሙቀትና በጊዜ ነው። እሷን በ5 የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ በ3 ኩባያ ውሃ፣ በ2 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና በ30 ግራም ዝንጅብል ድስት ውስጥ ከትታችሁ በትንሽ እሳት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ቀቅሏት። መረቁን ለብቻ አፍልታችሁ አወፍሩና መልሳችሁ ቀቧት።

ማጠብ፣ ማብሰል፣ ማስቀመጥ

በብዙ ቤታችን ዶሮ በሎሚና በጨው ሳይታጠብ አይሠራም። የጥሬ ዶሮ ውሃ ግን ሲፈናጠቅ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉትን ባክቴሪያዎች ገንዳውና ዕቃው ላይ ይበትናል፤ የሚገድላቸውም ሙቀት እንጂ ሎሚ አይደለም። ማጠቡ የግድ ከሆነ ቧንቧ ሳትከፍቱ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ እጠቡ፣ ገንዳውን በሳሙና ጥረጉ፣ ዶሮውን አድርቁ። ሎሚ ውስጥ የቆየ ዶሮ አቼቶ ወይም ሎሚ ባለበት መዘፍዘፊያ እንዳይደገም፤ ላዩ ጎማ ይሆናል።

መዘፍዘፍ ሁልጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ከ4 ዲግሪ በታች። ለመብሰሉ ማረጋገጫው ቀለም አይደለም፤ ሶይ ሶስ ጥሬውንም ቡናማ ያደርገዋልና። ቴርሞሜትር በወፍራሙ ቦታ አጥንት ሳይነካ ገብቶ 74 ዲግሪ ሲያሳይ በስሏል። ታፋ እስከ 80 ዲግሪ ቢደርስ ይበልጥ ይላላል፣ ደረት ግን ከ74 ካለፈ መድረቅ ይጀምራል። ጥሬ ዶሮ የነበረበትን መዘፍዘፊያ ወጥ ለማድረግ ከፈለጋችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪንተከተክ አፍሉት፤ ካልሆነ ድፉት።

ለሳምንት የሚዘጋጅ ሰው የሶይ ሶሱን፣ የጎቹጃንጉንና የጠጅ ሳሩን ከጥሬ ዶሮ ጋር ወዲያው ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ይችላል። ላስቲኩን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አስተኙት፣ ቀኑን ጻፉበት፣ በሁለት ወር ውስጥ ተጠቀሙበት። ከማብሰያው ቀን በፊት ማታ ወደ ፍሪጅ ይዛወር፤ እየሟሟ ይዘፈዘፋል። እርጎው ሲቀልጥ ስለሚቋጥር ትኩሱን ብቻ ሥሩት።